አርባ ዘፈን፣ አርባ ምስክር

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የምንሰበሰብባት አንዲት ካፌ አለች። እዚያ በፖለቲካ ተጣልቶ የቀረ ሰው አላየሁም። ስለ መንግሥት፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ሲኖዶስ ጠረጴዛ እየደበደብን እንጨቃጨቅና በመጨረሻ ሒሳቡን «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» ተባብለን ተሳስቀን እንለያያለን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ለሦስት ሳምንት ሰላምታ ሲነፋፈጉ ያየሁት በአንድ ዘፈን ምክንያት ነው። ለዚያውም «ያምራል፣ አያምርም» ተባብለው አይደለም። «በዚያ ሳምንት ስንተኛ ወጥቶ ነበር?» በሚል ነው። አንዱ ሦስተኛ ይላል፣ ሌላው አራተኛ። ነገሩ ከሆነ አርባ ዓመት አልፎታል። ዘፋኙ ራሱ ተጠርቶ ቢጠየቅ «እንደምትሉት ይሁን» ብሎ የሚሄድ ይመስለኛል።

ጸቡን የሚያመጣው የአሜሪካኖች የሬዲዮ ዝግጅት ነው፤ «አሜሪካን ቶፕ ፎርቲ»። የሰባዎቹንና የሰማንያዎቹን ቅጂ በየሳምንቱ መጨረሻ እየደገሙ የሚያሰሙ ጣቢያዎች እስከ ዛሬ አሉ። የካፌዋ ባለቤት ደግሞ ሬዲዮኑን ከፍታ ወደ ጓዳ መግባት ትወዳለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የምናውቀው እኛ ነን።

ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። ዝግጅቱ በፈረንጆቹ ሐምሌ 4 ቀን 1970፣ በነጻነት በዓላቸው ሰሞን፣ በ7 ጣቢያዎች ብቻ ተጀመረ። ሥራው ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት በየሳምንቱ ከሚያወጣው የዘፈኖች ደረጃ የላይኞቹን 40 ወስዶ ከታች ወደ ላይ መቁጠር ነበር። በመጀመሪያው ቀን 40ኛ ሆኖ በሩን የከፈተው የማርቪን ጌይ ዘፈን ነበር፤ 1ኛ ሆኖ የዘጋው የስሪ ዶግ ናይት። መጀመሪያ 3 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ቆጠራ ዘፈኖቹ እየረዘሙ ስለሄዱ በ1978 4 ሰዓት ሆነ። አቅራቢው ኬሲ ኬሰም ይባል ነበር፤ ዲትሮይት ተወልዶ ያደገ፣ ቤተሰቡ ከሊባኖስ ድሩዞች የሆነ። ስሙን የማታውቁ ድምፁን ሳትሰሙት አልቀራችሁም፤ በ«ስኩቢ ዱ» ካርቱን ላይ ሲርበውም ሲፈራም የማያፍረው ሻጊ እሱ ነው።

ኬሲ የገባው ነገር ነበር። ዘፈን የትም ይሰማል፤ ሰውን አራት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው ውጤት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ሊገባ ሲል ስለ አንድ ዘፋኝ እንቆቅልሽ ይጥላል። «ምን አውቅልህ» ብትለው አገር ስጠኝ አይልህም፤ ጥሎህ ይሄዳል። አንተ የሳሙና ማስታወቂያ እየሰማህ መልሱን ትጠብቃለህ። ሲመለስ ይነግርህና ሌላ ይጥላል። የሚገርመው ይህ ሁሉ ጥድፊያ አስቀድሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቀርጾ ያለቀ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ሙሉ ዝግጅቱ በሸክላ ታትሞ በፖስታ ነበር ለየጣቢያው የሚላከው። ሰው እንደ ምርጫ ውጤት ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቀው «አዲሱ አንደኛ» በፖስታ ቤት ከረጢት ውስጥ ከሰው ግብር ማስታወቂያ ጋር ተኝቶ የመጣ ነው።

ይህን ያጫወተኝ ራሱ ፖስተኛ ነው። ጡረታ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ለዓመታት ለካፌዋ ደብዳቤ ሲያመጣ ቡናችንን ለመደና ጡረታ ሲወጣ ቦርሳውን አስረክቦ ወንበር ያዘ። እኛ «ባለ ደብተሩ» እንለዋለን። በ10 ዓመቱ፣ በ1976፣ ከሬዲዮኑ ሥር ተቀምጦ አርባውን ዘፈን በየሳምንቱ መጻፍ ጀመረ፤ ደብተሮቹ እስከ ዛሬ በካርቶን አሉ። አንዱን ይዞ መጥቶ አይቼዋለሁ። በየገጹ አርባ መስመር፣ በየመስመሩ ቁጥር፣ የዘፈኑ ስም፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የምታሳይ ቀስት። የእኛ አገር የቀበሌ መዝገብ እንዲህ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ስንት የውርስ ክርክር በቀረ ነበር። አብዛኛው በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ነው፤ አልፎ አልፎ ቀይ አለበት።

«ቀዩ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ልዩ ትኩረት የሚፈልጉ ናቸው» አለና ገጹን ገለበጠው።

ሦስት ሳምንት ካኮረፉት አንዱ እሱ ነው። ሌላው የእኛው ሰው፣ ታክሲ ነጂ የነበረው «ባለ ካሴቱ» ነው። እሱ አይጽፍም፤ ይቀዳል። ሬዲዮ ቴፑን አልጋው ላይ አስቀምጦ፣ ሁለት ጣቱን ሁለት ቁልፍ ላይ ጭኖ፣ ትንፋሹን ውጦ። ካሴቶቹ ዛሬም በጫማ ካርቶን አሉት። አንድ ቀን ልስማ ብዬ ቤቱ ሄድኩ። የሰማሁት በቅደም ተከተል ይህን ነው፦ የዘፈን ወገብ፣ የአከራይዋ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን፣ የስልክ ጥሪ፣ «ዝም በሉ እየቀዳሁ ነው!» የሚል የአማርኛ ጩኸት፣ ከዚያ የዘፈን ጅራት። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን እየነቀነቀ ነበር የሚሰማው። መጥረጊያው ማሽን ጋ ሲደርስ እንኳን ራሱን መነቅነቁን አላቆመም።

ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስቀመጥ አንድ ነገር ታዘብኩ። «የማትረሳው የትኛውን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ከአንድ እስከ አርባ በሰላም ስለሰማው ሳምንት አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ስላመለጠው ነው። አንዱ ሠላሳ ዘጠኙን ሰምቶ አንደኛው ሊጠራ ሲል ባትሪው አለቀበት። አንዱን እናቱ «ቆሻሻውን አውጣ» አለችው፤ አውጥቶ ሲመለስ ኬሲ ተሰናብቶ ጨርሷል። አንዱ ረጅም መንገድ ሲነዳ ሦስተኛው ላይ ጣቢያው ከክልል ወጣበት፤ መኪናውን አዙሮ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ሚስቱም እስከ ዛሬ ይህን ታነሳበታለች። ከሰርግ ሄዶ ሙሽራዋን ሳያይ የተመለሰ ሰው ስለ ሌላ ነገር ሊያወራ አይችልም።

ባለ ካሴቱ አሜሪካ የገባው በ1981 ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወዳጁ «ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ እንግሊዝኛም ትማርበታለህ» አለው። ወዳጁ ያለው በእኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጅ ጠዋት 10 ሰዓት መሆኑ ነው። እሱ ደግሞ የሰው አገር ገባሁ ብሎ ሰዓቱን በፈረንጅ ቆጠረና ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት ላይ ጸድቶ፣ ለብሶ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሬዲዮኑን ከፈተ። የቤዝቦል ጨዋታ ሆነ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ይኸው ነው ቆጠራው ብሎ ሰማ። «ቁጥሩ በዝቶብኝ ነበር» ይላል። ይህ እንግዲህ ከማይረሱት ዝግጅቶች መጀመሪያው ነው፤ ዝግጅቱ የሌለበት።

ቀጥሎ የመጣው የፎረነር ጉዳይ ነው። ፎረነር የሮክ ቡድን ነው፤ ስሙ የውጭ አገር ሰው ማለት ነው። ባለ ካሴቱ በረዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየበት በዚያ ወር፣ በኅዳር 1981 መጨረሻ፣ «ዌይቲንግ ፎር ኤ ገርል ላይክ ዩ» የተባለው ዘፈናቸው ሁለተኛ ላይ ወጣ። ባለ ካሴቱ በስማቸው ብቻ ወገናቸው ሆነ፤ እሱም ባዕድ፣ እነሱም ባዕድ። ከፊታቸው የቆመችው ኦሊቪያ ኒውተን ጆን ነበረች፤ «ፊዚካል» በሚለው ዘፈኗ 10 ሳምንት አንደኝነቱን ይዛ አልነቃነቅም አለች። ፎረነር ሁለተኛ ላይ ቆሙ። ገና አለፈ፤ ቆሙ። አዲስ ዓመት አለፈ፤ ቆሙ። በጥር መጨረሻ ኦሊቪያ ወረደች። ባለ ካሴቱ ያን ቀን ከታክሲ ኩባንያው እረፍት ጠይቆ ቤቱ ዋለ። ኬሲ አንደኛውን ሲጠራ ሆል ኤንድ ኦትስ ከኋላ መጥተው፣ በላያቸው ዘለው፣ ዙፋኑ ላይ ተቀምጠዋል። ፎረነር አሁንም ሁለተኛ። 10 ሳምንት! ለስንቱ ሙሽራ ሚዜ ሆኖ ለራሱ ሳያገባ እንደቀረ ሰው።

«ወረቀት ስላልነበራቸው ነው» ይላል ባለ ካሴቱ፣ ዛሬም ሳይስቅ። «ስማቸውን ቢለውጡ ኖሮ ያልፍላቸው ነበር።»

ቡድኑ ሲመሠረት አባላቱ ግማሾቹ እንግሊዞች፣ ግማሾቹ አሜሪካውያን እንደነበሩ፣ ወረቀትም እንዳልቸገራቸው ባለ ደብተሩ ሊያስረዳው ሞክሯል። የመጀመሪያው ኩርፊያ ያን ጊዜ ነው።

ከ1978 ጀምሮ ኬሲ የአድማጭ ደብዳቤ እያነበበ ለሩቅ ሰው ዘፈን መጋበዝ ጀምሮ ነበር። ይህ እንኳን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ሬዲዮ የዘፈን ምርጫ ስንሰማ ያደግን ነን፤ ለእናቴ ለወይዘሮ እገሊት፣ ለአጎቴ ለሃምሳ አለቃ እገሌ፣ ለጎረቤቶቼ በሙሉ እየተባለ ስም ሲዘረዘር ከዘፈኑ የሚረዝመው። ልዩነቱ የእኛ ሰው ዘመዱን አንድም ሳያስቀር ይጠራል፤ አሜሪካዊው አንድ ሰው ብቻ ይጠራና ለምን እንደተለያዩ ይተርካል። በዚህ መካከል ነው የውሻው ነገር የመጣው።

በ1985 አንድ አድማጭ ስለ ሞተ ውሻው ጻፈ። ኬሲ ስቱዲዮ ውስጥ ደብዳቤውን ማንበብ ሲጀምር ከፊቱ ያለው ዘፈን የሚያስጨፍር ፈጣን ዘፈን ነበር። ከዳንኪራ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ለቅሶ መግባት አቃተው። ተናደደ፣ ተሳደበ፤ ያ ለስላሳ ድምፅ የጋራዥ አፍ አወጣ። ይህ ሁሉ በመቅጃው ላይ ቀረ። ለአየር የሚበቃውን ደግሞ ተረጋግቶ እንደገና አነበበ። ስድቡ ያለበት ቅጂ ግን ከስቱዲዮ ሾልኮ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በ1991 ኔጋቲቭላንድ የተባሉ ሙዚቀኞች በሸክላቸው ላይ አስገብተውት ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰ ጣጣ ውስጥ ገብተዋል። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ስድቡ አንድም ቀን በሬዲዮ አልተላለፈም። ሊተላለፍም አይችልም፤ የተቀዳው አስቀድሞ ነዋ!

አሁን ወደ ካፌያችን ኑና «የውሻውን ሳምንት ማን ሰማ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለ ካሴቱ በጆሮው ሰምቷል፤ አስራ ስድስተኛው መንገድ ላይ ተሳፋሪ ይዞ ነበር፤ ተሳፋሪዋ ደንግጣ «አጥፋው» ብላዋለች። ከመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ ሰምቷል፤ ዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ነበር። ልጅነቱን አስመራ ያሳለፈውና የቃኘውን ጣቢያ የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ እየሰማ እንዳደገ የሚነግረን ሰውዬ ደግሞ እዚያው አስመራ እንደሰማው ይምላል። አሜሪካኖቹ ቃኘውን ዘግተው የወጡት በ1977 ነው፤ ውሻው የሞተው ከዚያ ከስምንት ዓመት በኋላ። አንድ ቀን ይህን አነሳሁበት። ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ሌላ ውሻ ይሆናል» አለኝ።

እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ፈገግ እያልኩ የምቀመጥ ታዛቢ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው ሌላው ላይ ነው ብዬ። የእኔ ታሪክ በቀንና በቦታ የተደገፈ ነበራ።

ታሪኬ ይኸውላችሁ። በሕዳር 1984 እንግሊዞቹ ስለ እኛ ረሃብ የገና ዘፈን ዘፈኑ፤ አገራቸው ላይ አንደኛ ሆነ፣ አሜሪካ ላይ ግን 13ኛ ደርሶ ቆመ። ከዚያ በጥር 1985 እነ ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የጻፉት፣ ኩዊንሲ ጆንስ ያቀናበረው «ዊ አር ዘ ወርልድ» አንድ ሌሊት ሆሊውድ ላይ ተቀዳ። በመጋቢት በደረጃው ላይ ብቅ አለ። ሲገባ 21ኛ። በሳምንቱ 5ኛ። በሳምንቱ 2ኛ። ከዚያ 1ኛ፤ አራት ሳምንትም ቆየ።

እኔ ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ከምድር በታች ባለ ጋራዥ ውስጥ፣ ቲኬት በምቆርጥባት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነበርኩ። ትንሽ ሬዲዮ አለችኝ። አራቱንም ሳምንት ተከታትያለሁ። የአገርህ ረሃብ ደረጃ ወጥቶለት ሲቆጠር መስማት ምን እንደሚመስል አስቡት። ከ21 ወደ 5 ስትዘል «እሰይ!» ትላለህ፤ ቀጥሎ «ምኑ ነው እሰይ የሚባለው?» ትላለህ። ከፊትህ ያለው ፊል ኮሊንስ ነው፤ ውረድልኝ ብለህ ትጸልያለህ። አንደኛ ተብሎ በተጠራባት ደቂቃ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ትልቅ መኪና ይዞ ሊከፍል ቆመ። ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ሰውየው ሬዲዮኑን አየ፣ እኔን አየ፣ «አገርህ የት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ምንም አላለም፤ 20 ዶላር አስጨበጠኝና መልስ ሳይቀበል ሄደ። ልደሰት ወይስ ልፈር ሳላውቅ ብሩን ይዤ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ፣ ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉብኝ ቆምኩ።

ይህን ታሪክ ስናገር ሰው ዝም ይላል። ሁለት ሴቶች አልቅሰውልኛል። በሰርግ፣ በልደት፣ አንድ ጊዜም በለቅሶ ቤት ነግሬዋለሁ።

ለባለ ደብተሩ የነገርኩት ቀን መጀመሪያ በቀን ቆጠራ ተጠላለፍን። እኔ በልማድ «የሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ» አልኩት። ደብተሩን ከፈተ፤ «ሚያዝያ 77… አንደኛ የስዊድኖቹ የአባ ቡድን ‹ዳንሲንግ ክዊን› ነው። እሱ ስለ ረሃብ ነው እንዴ?» አለኝ፣ እያዘነ። የእኛ 1977 የእነሱ 1985 መሆኑን ለማስረዳት አንድ ቡና ፈጀብን። ከገባው በኋላ ደግሞ በጣም ተመቸው። «ስለዚህ አንተ ስትመጣ…» አለና በጣቱ ቆጠረ፤ «መቼ ነበር የመጣኸው?»

«በሐምሌ፣ ሰባ ሰባት» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ይህን ስል የካፌዋ ባለቤት ስኒ ልታነሳ መጥታ ነበር። እሷ የአጎቴ ልጅ ሚስት ናት፤ ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ስኒውን ይዛ ቆመች።

«አዎ፣ በሐምሌ። ትልቋ ልጄ በተወለደች በሁለተኛ ሳምንቷ። አራስ ቤት ሆኜ አይደል እንዴ የተቀበልኩህ? ታዲያ ዘፈኑ መቼ ነው ያልከው?»

ባለ ደብተሩ የአማርኛው ጨዋታ ባይገባውም ፊቴን እያየ ነበር። ተረጎምኩለት፤ ባልተረጎምኩ። ደብተሩን አየና በታላቅ ትሕትና፣ ለባለቤቱ የመርዶ ደብዳቤ እንደሚያደርስ ፖስተኛ፣ «ወዳጄ፣ አንደኛ የነበረው ሚያዝያ ላይ ነው፤ በግንቦት በማዶና ዘፈን ተተክቷል» አለኝ።

«ጋራዡ ውስጥ የነበረው እኮ የእኔው ሰውዬ ነው» አለች እትዬ። «ሃያ ዶላሩንም ያገኘው እሱ ነው። አንተን በተቀበልንህ ሰሞን ሌሊት ሌሊት ያጫውትህ ነበር።»

የአጎቴ ልጅ ጓዳ ሽንኩርት ይከትፋል። ዝምተኛ ሰው ነው። ይህን ታሪክ በፊቱ ሃያ ጊዜ ሳልናገረው አልቀረሁም። ሄድኩና በሩ ላይ ቆምኩ።

«ምነው አርባ ዓመት ዝም አልከኝ?»

ቢላዋውን አላቆመም። «አንተ አሳምረህ ትናገረዋለህ። እኔ ስናገረው አያምርም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶም «ደግሞ አምስት ዶላር ነበር» አለ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አባቶቻችን። የሰው ትዝታ ግን እንዴት አድርጎ እንደሚያደምቅ እኔን ጠይቁኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ሚያዝያ እኔ የት ነበርኩ? ነገሩ ቀስ እያለ መጣ። ካርቱም ነበርኩ፤ የስደተኛ ወረቀቴን ይዤ ጉዞ እጠባበቅ ነበር። ዘፈኑ ከ5ኛ ወደ 2ኛ በሚሄድበት ሳምንት የካርቱም ሕዝብ ዳቦ ተወደደ ብሎ አደባባይ ወጣ፤ ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ የባቡር ሠራተኛው ሥራ አቆመ። ስልክ ተቋረጠ፣ ሱቅ ተዘጋ። እኛ ስድስት ስደተኞች በአንድ ክፍል በር ቆልፈን በመስኮት ቀዳዳ እናይ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ለጉብኝት አሜሪካ ሄደው ሬጋንን አግኝተዋል፤ ሳይመለሱ፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 6፣ ጦሩ ሥልጣኑን ያዘ፤ እሳቸውም ካይሮ ቀሩ። አያችሁት? እኔ «ዋሽንግተን ነበርኩ» እያልኩ በምምልበት ሰሞን ዋሽንግተን የሰነበቱት ኒሜሪ፣ ካርቱም የነበርኩት እኔ ነኝ። አንድ መንግሥት ሲወድቅ በመስኮት አይቼ፣ እሱን ረስቼ፣ የሌላ ሰው ሬዲዮ ሳስታውስ ኖሬያለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ነገርኳቸው። ማንም ዝም አላለም፤ ማንም አላለቀሰም። «እሱ ጥሩ ነው፣ ግን የጋራዡ ይሻላል» አለ ባለ ካሴቱ። የአስመራው ሰውዬ ኒሜሪ ስንተኛ ላይ እንደነበሩ ጠየቀ።

ባለ ደብተሩ ግን አዘነልኝ። ለማስታወሻ እንዲሆነኝ የሚያዝያ 6 ቀን 1985 ሳምንትን ገጽ በቀለም ፎቶኮፒ አስነስቶ፣ በፖስታ አሽጎ፣ ልማዱ ነውና በሁለት እጁ አቀበለኝ። ከ40 እስከ 10 በሰማያዊ ቀለም፣ በሚቸኩል እጅ ተጽፏል፤ ቀስቶቹ ይንጋደዳሉ። ከ9 ወደ ላይ ግን ቀይ ነው። ጽሑፉም ተለውጧል፤ ቀጥ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከመጽሔት የተገለበጠ ጽሑፍ። «ዊ አር ዘ ወርልድ» ሁለተኛው መስመር ላይ አለ፤ በቀይ። በኅዳጉ ላይ በደቃቅ እርሳስ ሁለት ቃል ተጽፏል፦ ፋሲካ፣ ቤተ ክርስቲያን።

ቀና ብዬ አየሁት። እሱ የቡናውን አተላ እያየ ነበር።

«ልዩ ትኩረት የሚፈልጉት እነዚህ ናቸው?» አልኩት።

«እናቴን አታውቃትም» አለኝ።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ስለ ቀዩ ቀለም ለባለ ካሴቱ አልነገርኩትም፤ ቢያውቅ ሌላ ሦስት ሳምንት ነው። የዚያን ቀን ሒሳቡን «እኔ ልክፈል» ያለ ሌላ ሰው አልነበረም። ሃያ ዶላር ሰጠሁና ለእትዬ መልሱን ያዢው አልኳት። ቆጥራ አስራ አምስቱን መለሰችልኝ።